አልጋ መያዝ በሞያሌ፦ ከእንግዳ መዝገብ እስከ ኢንተርኔት



የሆቴል ታሪካችን ሲተረክ ከእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ይነሣና በሒልተን በኩል አልፎ በ1990 ዓ.ም. የተከፈተው ሸራተን ላይ ይደርሳል። ትረካው ትክክል ነው፤ ነገር ግን የአዲስ አበባ ታሪክ ነው። እኔ ዛሬ የምወስዳችሁ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ ወደ ሞያሌ ነው። በዚያ ታፔላው «ሆቴል» ቢልም ሕዝቡ የሚጠራው «አልጋ ቤት» ብሎ ነው።

ሞያሌ በ1900 ዓ.ም. በምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ስምምነት ባሰመረው ወሰን ግራና ቀኝ ያደገች ከተማ ናት። ከብት ነድቶ የሚመጣው ቦረና ወይም ገሪ በልማዱ የሚያርፈው በጎሳ ዘመዱ ዘንድ ነው። የሚከፈልበት አልጋ ያስፈለገው ዘመድ ለሌለው መንገደኛ፣ ከሁሉም በላይ ለጭነት መኪና ሹፌር ነው። ለሹፌሩ ደግሞ ከአንሶላው ይልቅ ግቢው ይበልጥበታል፦ ተሳቢው የሚገባበት ሰፊ በር፣ የማያንቀላፋ ዘበኛ፣ ሌሊት ሞተር ቢያስነሣ የማይቆጣ ጎረቤት። ረዳቱ ከጭነቱ ጋር እዚያው መኪናው ላይ ያድራል። አንድ ሰው ከፍሎ ሁለት ሰው ያደረበትን ይህን ሌሊት የትኛውም የሆቴል አኃዝ አይመዘግበውም።

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ቤት እያከራዩ ማደግን ለዓመታት ገታው፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ ዳግመኛ ተከፈተ።

አልጋው የሚያዘውም በስልክ ነው። ሹፌሩ ያቤሎ ሲደርስ ይደውልና «አልጋ ያዙልኝ» ይላል። መያዣው ስሙ ነው። ዛሬ ዓለምን ያዳረሱት ቡኪንግና ኤክስፔዲያ ሁለቱም የተጀመሩት በአውሮፓውያን 1996 ሲሆን፣ መያዣቸው ስም ሳይሆን የባንክ ካርድ ነው። በውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር ምክንያት የብር ካርድ ለእንዲህ ያለው ክፍያ ሳያገለግል ኖሯል። ኬንያ ኤምፔሳን በ1999 ዓ.ም. ስትጀምር፣ ከኬላው ወዲህ ያለነው ቴሌብርን ያገኘነው በግንቦት 2013 ነው። በአንድ ከተማ ሁለት ዳርቻ መካከል የ14 ዓመት ልዩነት! ክፍያው ቢቃናስ? ቡኪንግ በአብዛኛው 15 በመቶ አካባቢ ኮሚሽን ይወስዳል፤ ደንበኛውን በስም ለሚያውቅ አልጋ ቤት ይህ ውድ ነው።

በዚህ ላይ በሰኔ 2012 ማብቂያ፣ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። አልጋውን ለኢንተርኔት ብቻ ያስረከበ ባለቤት በእነዚያ ሳምንታት ምን ይውጠው ነበር?

የሆቴል ሥራ የሚለካባቸው ሁለቱ ዋና አኃዞች የተያዙ ክፍሎች በመቶኛና ለአንድ ክፍል የሚደርሰው ገቢ ናቸው። ሃያ ክፍል ካለው ቤት አሥራ አምስቱ ከተያዙ 75 በመቶ ይባላል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚሠራው ግን መዝገብ ላለው ነው። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት የየብስ ድንበር ሲዘጋ የሞያሌ መንገደኛ ቆመ። የገቢውን መውደቅ ለባንክ ማስረዳት የሚችለው አኃዝ ያለው ብቻ ነው። ደግሞም ኅዳር 30 ቀን 2013 የተመረቀው የጋራ የድንበር ኬላ ፍተሻውን ለማፋጠን የታሰበ ነው፤ መኪናው በፈጠነ ቁጥር በሞያሌ የሚያድርበት ሌሊት ይቀንሳል። ለአገር የሚበጀው ለአልጋ ቤቱ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ምን ያህል እንደ ጎዳው የምንለካው ግን በምን ይሆን?

ምንጩ አለ። በየአልጋ ቤቱ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ የእንግዳ መዝገብ ይቀመጣል፦ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ከየት ወዴት፣ የመኪና ታርጋ፣ የክፍል ቁጥር፣ ቀን። ለፖሊስ ቁጥጥር ተብሎ የተጀመረ ቢሆንም ለእኔ ሙያ የንግድ መንገዱ የቀን ውሎ ነው። የከብቱ ዋጋ ሲወደቅ፣ ግጭት ሲነሣ፣ ዝናብ ሲጠፋ ገጹ ይሳሳል። ቦታ ማስያዙ ወደ ኢንተርኔት ሲዞር ይህ ሁሉ በውጭ ኩባንያ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣል፤ እኛም ለማየት ፈቃድ እንጠይቃለን። እስከዚያው መዝገቡ በእጃችን ነው። ከዚህ ክፍል ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ፣ አንድ ካሜራና የባለቤቶቹን ፈቃድ ይዛችሁ ውረዱ፤ ገጹ የሞላ መዝገብ እዚያ ብዙም አይቆይም፣ ለስኳርና ለቡና መጠቅለያ ይሆናል።