ከግሸን አምባ እስከ ደሴ ሆስፒታል፦ የጤና ባለሙያዎች የኅሊና ሰላምና የመናገር ዋስትና በታሪክ ዓይን

መግቢያ

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባል በየጤና ተቋሙ ለሕሙማን ዘወትር ይነገራል። ለባለሙያው ግን የሚመከረው ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። የደከመው፣ የተሳሳተው፣ ያየው ነገር እንቅልፍ የነሣው ሐኪም ወይም ነርስ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ እንዲያልፈው ይጠበቃል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውም ተረት ይህንኑ ልማድ ያጠናክራል።

ዝምታ ግን በጤና ሥራ ውስጥ ይነቅዛል። መጀመሪያ ባለሙያውን፣ ቀጥሎም ታካሚውን ይጎዳል። ይህ አጭር ጽሑፍ የጤና ባለሙያዎችን የኅሊና ሰላምና ያለ ፍርሃት የመናገር ዋስትና ከወሎ ታሪክ በተለይም ከግሸንና ከአካባቢው ተነሥቶ ይመረምራል።

ወሬ የማይወጣበት አምባ

በደቡብ ወሎ በአምባሰል የሚገኘው ግሸን የመስቀል ቅርጽ ያለው፣ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ግማደ መስቀሉ ያረፈበት ቦታ በመሆኑ መስከረም 21 ቀን በየዓመቱ እጅግ ብዙ ምእመናን ይሳለሙታል።

አምባው ሌላም ታሪክ አለው። ዙፋን ይሻማሉ ተብለው የሚሰጉ የነገሥታት ወንድ ዘሮች ለረጅም ዘመን በዚሁ ተራራ ላይ በጥበቃ ሥር ይኖሩ ነበር። ይህ ሥርዓት ያበቃው የኢማም አሕመድ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1540 አምባውን በያዘ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ጥበቃው ጥብቅነት በሰፊው ጽፏል። ከአምባው ደብዳቤ አወጣ የተባለ መነኩሴና ጠባቂዎቹ የተገረፉበትን ሁኔታም መዝግቧል።

ይህ የቤተ መንግሥት ፖለቲካ እንጂ የጤና ታሪክ አይደለም። ነገር ግን መልእክት አምጪ በሚገረፍበት ቦታ ሁሉ የሚሆነው አንድ ነው። መልእክቱ ይቆማል፣ በላይ ያለው ሹምም በታች ያለውን ሳያውቅ ይኖራል። ከዚያ ዘመን ብዙ ርቀው የተቋቋሙ የጤና ተቋማትም ከዚህ አመል ሙሉ በሙሉ የጸዱ አይደሉም።

ደሴ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲሆን፣ ገና የስድስት ወር ዕድሜ ሳይሞላው በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ተፈተነ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በነበሩባት በደሴ ከተማ ላይ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ቦምብና ተቀጣጣይ ፈንጂ አዘነቡ። የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሠራተኞች የሚያስተዳድሩት የተፈሪ መኮንን ሆስፒታልና የቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ በቀይ መስቀል ምልክት ሥር እያሉ ተመቱ። በዕለቱ በከተማዋ የነበረው የዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ልዑክ ዶክተር ማርሴል ጁኖ ያየውን በኋላ በመጽሐፉ አስፍሯል።

ከዚህ በኋላ የተፈጸመው ድርጊት ለዛሬው ርእስ ትልቅ ትርጉም አለው። በደሴ የነበሩት ሐኪሞች ቁስለኛ ካከሙ በኋላ ዝም አላሉም። ያዩትን በጋራ ፈርመው ለመንግሥታት ማኅበር የተቃውሞ ቴሌግራም አስተላለፉ። የጋራ ፊርማው አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን ምስክርነት ለሁሉም አከፋፈለው።

ጥቃቱ ግን አልቆመም። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል፣ የካቲት 25 ቀን ደግሞ በቆረም የእንግሊዝ ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ በቦምብ ተደበደቡ። የእንግሊዙ ጓድ መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ በሚያዝያ ወር መጨረሻ በአዲስ አበባ ቁስለኞችን ሲያነሣ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ጥላ ይሆናል የተባለው ምልክት ዒላማ ሲሆን፣ ከሥሩ የቆመው ሠራተኛ ምን ዓይነት ስጋት እንደሚያድርበት መገመት አያዳግትም። በዘመኑ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት ሕክምናም ሆነ ስም የሰጠ አልነበረም። በመጻሕፍት የቀረው የውጭ ሐኪሞች ምስክርነት ሲሆን፣ ከጎናቸው የሠሩት ኢትዮጵያውያን ድሬሰሮችና ዘበኞች ስም እምብዛም አይነሣም።

ያልተነገረው ረኃብ

በ1965 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኃብ ሌላ ዓይነት ፈተና አመጣ። ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ አልፎ ወደ ወልድያ፣ ቆቦና ቆረም የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በራብተኞች ተጨናነቀ። በየመጠለያው ከረኃቡ ይልቅ ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ ታይፈስና ግርሻ ትኩሳት ብዙ ሰው ጨረሱ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የመንግሥት ባለሥልጣናት አደጋውን በይፋ ለማመን አልፈለጉም። በሚያዝያ ወር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጧቸውን ፎቶግራፎች ለእይታ አቀረቡ። ዓለም በስፋት የሰማው ግን ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው።

በእነዚያ ወራት በየጣቢያው የሚሠራ የጤና ሠራተኛ በየቀኑ የሚያየው አንድ፣ በይፋ የሚነገረው ሌላ ነበር። እንዲህ ያለው ሁኔታ ሁለት ጉዳት ያደርሳል። ርዳታው ስለሚዘገይ ሕዝቡ ይሞታል፤ ሠራተኛውም ያየውን ለመካድ ወይም በሆዱ ለመያዝ ስለሚገደድ ውስጡ ይቆስላል።

ተመሳሳይ ጉዳይ በቅርብ ዘመንም ታይቷል። በ1998 እና በ1999 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. በአገሪቱ የተከሠቱት ወረርሽኞች በይፋዊ መግለጫዎች «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ወይም በአጭሩ «አተት» እየተባሉ ሲጠሩ ቆይተዋል። ኮሌራ የሚለውን ቃል በይፋ መጠቀም ያስፈራ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ግን ወረርሽኙ ኮሌራ ተብሎ በስሙ በይፋ ተገለጸ። ላቦራቶሪ ያረጋገጠውን በስሙ መጥራት መቻል ለባለሙያው ትልቅ እፎይታ መሆኑን በመስኩ የሠሩ ሁሉ ይገነዘቡታል።

ማንን ላድን? የ1977 ዓ.ም. ጥያቄ

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክ ከቆረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አነቃነቀ። በዚያው ዘመን ክሌር በርትሺንገር የተባለች የዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ነርስ ከወሎ በስተሰሜን በመቀሌ የሕፃናት መመገቢያ ጣቢያ ትሠራ ነበር። በደጅ ከሺሕ በላይ ሕፃናት ተሰልፈው ሳለ ጣቢያው ሊቀበል የሚችለው ከመቶ የማይበልጡትን ብቻ ነበር። የሚገቡትን ትመርጥ የነበረችው እርሷ ናት። ያልተመረጡት አብዛኞቹ እንደሚሞቱ ታውቅ ነበር። በርትሺንገር ይህ ምርጫ ለብዙ ዓመታት ኅሊናዋን ሲያስጨንቃት እንደኖረ በኋላ በይፋ ተናግራለች፤ ታሪኳን በመጽሐፍ ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን ይህም ከሃያ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በሚያስገርም አጋጣሚ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1984 አንድሩ ጄምተን የተባለ የሥነ ምግባር ምሁር ስለ ነርሶች ሥራ በጻፈው መጽሐፍ «የኅሊና ጭንቀት» የሚለውን አስተሳሰብ አስተዋወቀ። አንድ ባለሙያ ትክክለኛውን ነገር እያወቀ፣ የተቋሙ አሠራር ወይም የአቅም ማነስ እንዳይፈጽመው ሲያግደው የሚደርስበት ሥቃይ ማለት ነው። ደምና ኦክስጅን፣ አምቡላንስና አልጋ ባጡ የገጠር ጤና ጣቢያዎች የሠራ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ይህን ቃል ባያውቀውም ሥቃዩን ያውቀዋል።

ከልማድ ወደ ዕውቀት

የጤና ባለሙያዎች ድካም በምርምር መታየት የጀመረው ብዙም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ ነው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ «ሥራ ዝለት» ጻፈ። ክሪስቲና ማስላክ እ.ኤ.አ. በ1981 ዝለቱ የሚለካበትን መጠይቅ ከባልደረባዋ ጋር አቀረበች። መለኪያው ሦስት ነገሮችን ያያል፦ የስሜት መሟጠጥን፣ ታካሚን እንደ ሰው አለማየትንና በሥራ ውጤት አለመርካትን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ ዝለትን በበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባ ውስጥ ከሥራ የሚመነጭ ክሥተት እንጂ በሽታ እንዳልሆነ አድርጎ አስቀመጠው። መንሥኤው በሰውየው ድክመት ሳይሆን በሥራው አደረጃጀት ውስጥ መፈለግ አለበት ማለት ነው።

ስለ መናገር ዋስትና ደግሞ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ሆስፒታሎች ያደረገችው ጥናት ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። ተመራማሪዋ በመልካም አመራር ሥር ያሉ ክፍሎች ጥቂት የመድኃኒት ስሕተት ይኖራቸዋል ብላ ጠብቃ ነበር። የተገኘው ግን ተቃራኒው ነበር፤ የበዛ ስሕተት የተመዘገበው በእነርሱ ዘንድ ነው። ሲመረመር ምክንያቱ ብዙ መሳሳታቸው ሳይሆን ሳይፈሩ መናገራቸው ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ስሕተት ያልተመዘገበበት ክፍል ሁሉ ስሕተት የሌለበት ነው ማለት አይቻልም። አልበርት ዉ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 የተሳሳተውን ባለሙያ «ሁለተኛው ተጎጂ» ብሎ የጠራው፣ ታካሚውና ቤተሰቡ የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች መሆናቸውን ሳይዘነጋ ነው።

በኢትዮጵያ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ለረጅም ጊዜ በአማኑኤል ሆስፒታል ዙሪያ ተወስኖ ቆይቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በአገሪቱ የነበሩት ስፔሻሊስቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ለሕዝቡ ያልበቃ አገልግሎት ለባለሙያው ራሱ ሊተርፍ እንደማይችል ግልጽ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የተተገበረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ባለሙያው ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ እንዲሆን በአጽንዖት ጠይቋል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሆኖም ለባለሙያው የሚራራለትና የሚንከባከበው ማን እንደሆነ የሚጠይቀው ጥያቄ እኩል ክብደት አላገኘም።

ከጦርነቱ በኋላ

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአምባሰልና በሐይቅ አልፎ ደሴ ደረሰ። ከተማዋ እስከ ኅዳር ወር መጨረሻ በጦርነት እጅ ቆየች። የደሴ ሆስፒታል ዕቃና መሣሪያ ተዘረፈ፣ ተሰባበረ። በክልሉ በርካታ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ተመሳሳይ ዕጣ ገጠማቸው። ባለሙያዎች የተፈናቀሉም፣ የራሳቸውን ቤተሰብ ያጡም ሆነው ሳለ ተመልሰው ሌላውን ማከም ነበረባቸው። ግድግዳ ተጠገነ፣ አልጋና ማይክሮስኮፕ ተተካ። ያዩትን ይዘው ወደ ተረኛነት የተመለሱ ሰዎች ጥገና ግን በዕቃ ዝርዝር ውስጥ የሚሞላ አይደለም።

በሰላሙም ጊዜ ቢሆን ሸክሙ አለ። አንዲት እናት በወሊድ ስትሞት ቤተሰቧ ሐዘን ይቀመጣል፣ ጎረቤት ይደርሳል፣ እድርተኛው ድንኳን ይተክላል። አዋላጇ ነርስ ግን እጇን ታጥባ ወደሚቀጥለው አልጋ ትሄዳለች። ማንም «እግዜር ያጽናሽ» አይላትም። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ የተዘረጋው የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ ሥርዓት ስም ሳይጠቀስና ወቀሳ ሳይኖር ከሞቱ ትምህርት መውሰድን መርሑ ያደረገ ነው። መርሑ በወረቀት ላይ ብቻ ከቀረና ግምገማው ጥፋተኛ ፍለጋ ከሆነ ግን ሞት ይደበቃል፤ የሚቀጥለውም ሞት መንገድ ያገኛል።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከቀረበው ታሪክ ለየጤና ተቋሙ የሚጠቅሙ ጥቂት ነጥቦች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ክፉ ዜና ያመጣ ሠራተኛ በቅድሚያ ሊመሰገን ይገባል። የክፍል ኃላፊ በጠዋቱ ርክክብ ላይ «ትናንት ምን አስቸገራችሁ?» ብሎ መጠየቁ፣ የራሱንም ስሕተት ሳይሸሽግ መናገሩ ሌላውን ያደፋፍራል። ለዚህ በጀት አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ከከባድ ክሥተት በኋላ የሥራ ባልደረቦች መተያየት አለባቸው። ይሁን እንጂ የደረሰበትን ሁሉ ወዲያው እንዲዘረግፍ ማንንም ማስገደድ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ይህን ዓይነቱን የአንድ ጊዜ አስገዳጅ ውይይት አይደግፍም። የሚመከረው ማዳመጥ፣ ማረጋጋት፣ ዕረፍትና ምግብ ማመቻቸት፣ ሰውየውን ከቤተሰቡ ጋር ማገናኘትና ጭንቀቱ ከቀጠለ ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ መላክ ነው።

ሦስተኛ፣ እንደ ግሸን ክብረ በዓል ላሉ ታላላቅ ስብሰባዎች የሚሰማሩ ቡድኖች ዕቅድ የመድኃኒትና የውኃ ማከሚያ ዝርዝር ብቻ መሆን የለበትም። የተረኛነት ሰዓት፣ መኝታ፣ የመልስ ጉዞና ከሥራው በኋላ የሚሰጥ ዕረፍት በዕቅዱ ውስጥ በግልጽ ሊሰፍሩ ይገባል።

አራተኛ፣ ባለሙያው ያየውን እውነት በማኅበሩ አማካይነት በጋራ የሚናገርበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 የዓለም ጤና ድርጅት ይፋ ያደረገው የጤና ሠራተኞች ደህንነት ቻርተር የሠራተኛውና የታካሚው ደህንነት እንደማይነጣጠሉ አስታውቋል። የደሴ ሐኪሞች በ1928 ዓ.ም. በአንድ ወረቀት ላይ ሲፈርሙ ይህ ቻርተር አልነበረም፤ ቁስለኞቻቸውን ለመጠበቅ ግን መናገር እንዳለባቸው፣ ለመናገርም አብረው መቆም እንዳለባቸው ያውቁ ነበር።