የሚሳይል ርቀትና የቆቦ ሜዳ

ስለ ጦር መሣሪያ ወሬ በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ኪሎ ሜትር ይመታል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ ተኳሹ ዒላማውን ምን ያህል ያየዋል? እርሱንስ ማን ያየዋል? የሚለው ነው። ይህን ከፀረ ታንክ ሚሳይል ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ የለም፤ ታሪኩን ለመመርመርም የራያ ቆላ ጥሩ መስክ ነው።

ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪ.ሜ. ገደማ ርቃ የምትገኘው ቆቦ፣ በምዕራብ የደጋው ገደል፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ባቀፉት ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ከደሴ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ይህን ሜዳ አቋርጦ፣ አላማጣን አልፎ የግራካሱን ዳገት ይወጣል። ታንክ ያለው ጦር ሜዳውን ይፈልገዋል፤ ታንክ የሌለው ተራራውን ይመርጣል።

አባቶቻችን ታንክን የገጠሙት ርቀት በሌለበት ነበር። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በሽሬ ግንባር የራስ እምሩ ወታደሮች የጣሊያንን ቀላል ታንኮች ከበው፣ ላያቸው ላይ ወጥተው ነበር የማረኳቸው። በዚያ ውጊያ ገዳይና ሟች ተያይተዋል።

ርቀቱ የመጣው በኋላ ነው። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት ከገቡት መሣሪያዎች አንዱ በሽቦ የሚመራው «ማሊዩትካ» ነበር፤ በሩሲያኛ «ሕፃን» እንደ ማለት ነው። ክብደቱ 11 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ እግረኛ በሻንጣ ይሸከመዋል። በወረቀት ላይ እስከ 3,000 ሜትር ይመታል። ከ500 ሜትር በታች ግን አይሆንም፤ ተኳሹ የተወነጨፈውን ሚሳይል በዓይኑ አግኝቶ፣ በእጁ መቆጣጠሪያ ወደ ዒላማው መስመር እስኪያስገባው ድረስ ያን ያህል መንገድ ያልፋልና።

ሚሳይሉ በሰከንድ 115 ሜትር ገደማ ስለሚበር፣ 3,000 ሜትር ለመድረስ 26 ሰከንድ ይፈጅበታል። በሰዓት 36 ኪ.ሜ. የሚጓዝ ታንክ በዚህ ጊዜ ውስጥ 260 ሜትር ይርቃል። ተኳሹም ያን ሁሉ ጊዜ ከስፍራው ሊነቃነቅ አይችልም። በ1966 ዓ.ም. በሲና በረሃ ግብፆች የእስራኤልን ታንኮች በዚህ መሣሪያ ክፉኛ ሲጎዱ፣ እስራኤላውያን ካገኙት መላ አንዱ ሚሳይሉ በተነሣበት ስፍራ ላይ ተኩስ ማዝነብ ነበር። እጁ የተንቀጠቀጠ ተኳሽ ይስታል። ርቀቱ ቢረዝምም አደጋው አሁንም በሁለቱም ወገን ነበር።

ይህን ስሌት ወደ ቆቦ እናምጣው። ሜዳው ባዶ በሆነበት በበጋ 3,000 ሜትሩ በእርግጥም 3,000 ሜትር ነው። በመስከረም ግን የአገሬው ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ ይቆማል። ከሜዳው ለሚያነጣጥር ሰው የሚታየው ርቀት በእርምጃ የሚቆጠር ይሆናል፤ ሽቦውንም አገዳው ይይዘዋል። የመሣሪያውን ርቀት የሚወስነው ፋብሪካው ብቻ ሳይሆን ገበሬውም ጭምር ነው ማለት ነው።

ከማሊዩትካ በኋላ የአሜሪካው ቶው 3,750፣ የሩሲያው ኮርኔት 5,500 ሜትር ደርሰዋል። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን መሣሪያው ከመሬት ተነሥቶ ሰማይ ላይ ሲሰቀል ነው። ባይራክታር የተባለው የቱርክ ድሮን የሚሸከመው ማም-ኤል ከፀረ ታንክ ሚሳይል የተወለደ ነው፤ የሮኬት ሞተሩ ወጥቶለት በሌዘር እየተመራ 8 ኪ.ሜ. ያህል ይጓዛል። ለዚህ ዓይነቱ ተኳሽ ዞብል ግድግዳ አይሆንም፤ ማሽላውም እንደ ቀድሞው አይጋርድም። ራሱ ተኳሹ ደግሞ ከሜዳው ላይ የለም።

ቆቦ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ በታኅሣሥ 2014 ተመለሰች፤ በነሐሴ 2014 ውጊያው በዚያው አካባቢ ሲያገረሽ ዳግም ተያዘች። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች በከተማይቱ ሲቪሎችን እንደ ረሸኑ ሂዩማን ራይትስ ዎች ዘግቧል። ያ ግድያ በጠመንጃ፣ በቅርብ ርቀት የተፈጸመ ነው። በ2014 ዓ.ም. የገና ዕለት ደግሞ በትግራይ ደደቢት፣ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ትምህርት ቤት ከድሮን ተመትቶ ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ፤ በስፍራው የተገኙት ስብርባሪዎች የማም-ኤል መሆናቸውን መርማሪዎች ለይተዋል። ለታንክ የታሰበው መሣሪያ በተፈናቃይ ላይ ወረደ።

እንግዲህ ጭካኔን የሚወልደው ርቀት አይደለም፤ ቆቦ ምስክር ናት። ርቀት የሚያጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ ምስክርን። የቆቦ እናት «ገዳዩን አይቼዋለሁ» ልትል ትችላለች። የደደቢቷ እናት ያላት ቁራጭ ብረት ብቻ ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት የሽግግር ፍትሕን ቃል ገብቷል። ያ ፍትሕ ዓይን ያየውን ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ በቅርብ የገደለው ሲጠየቅ በሩቅ የገደለው ነጻ ይወጣል። ስለዚህ ከእማኞች ቃል ጎን የበረራው መዝገብ፣ የካሜራው ምስልና የትእዛዙ ሰነድ ሊከፈቱ ይገባል። ከ8 ኪሎ ሜትር የተኮሰ እጅም ባለቤት አለው።