የክላሲክ መኪና የውስጥ ፕላስቲክ እድሳት
የደበዘዙና የተሰነጠቁ የዳሽቦርድ፣ የበርና የምሰሶ ሽፋኖችን ቀለምና ቆዳ መሰል ገጽ የመመለስ ሥራ ነው። ዋናው ጠላት ፀሐይ ነው፤ አልትራቫዮሌት ጨረር የፕላስቲኩን የሞለኪውል ሰንሰለት ስለሚበጥስ ገጹ ይነጣል፣ ይሰነጣጠቃል።

ሥራው በጽዳት ይጀምራል። ለማብረቂያ የተቀባው ሲሊኮን ካልለቀቀ አዲሱ ቀለም አይይዝም።

ቀጥሎ የፕላስቲኩ ዓይነት ይለያል። ኤቢኤስ የተባለው ፕላስቲክ በአሴቶን ይሟሟል፤ ስለዚህ ስንጥቁ የዚያው ፕላስቲክ ፍርፋሪ በአሴቶን ተቦክቶ በሚወጣው ሊጥ ይደፈናል። ፖሊፕሮፒሊን ግን በአሴቶን አይሟሟም፤ ቀለም እንዲይዝም የራሱ ፕራይመር ያሻዋል።

የተደፈነው ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ የጠፋው ሸካራነት ቴክስቸር ስፕሬይ በመርጨት ይተካል፤ ቀለሙ በስስ ንብርብር ይደጋገማል። የዳሽቦርዱ የላይኛው ገጽ በፊት መስታወት ላይ ነጸብራቅ እንዳይጥል የማያብለጨልጭ ቀለም ይቀባል።