የዕለት ድርሻ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ላውጋችሁ። እኔ ሳወራ አልቸኩልም፤ እናንተም እንደማትቸኩሉ አውቃለሁ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ሰው ከሥጋውና ከወተቱ ሌላ በራሱ ላይ አንዳንድ ነገር ይጨምራል። አንዱ መጠጡን እርግፍ አድርጎ ይተዋል፣ አንዷ ዳዊት መድገም ትጀምራለች፣ ሌላው ከተኳረፈው ወንድሙ ጋር ሊታረቅ ሽማግሌ ይልካል። እኔም ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በመጣው ጾም፣ ከዘወረደ ጀምሬ እስከ ትንሣኤ ዋዜማ፣ 55ቱም ቀን እስኪያልቅ፣ በየቀኑ አንድ ገጽ ልጽፍ ለራሴ ቃል ገባሁ። ያዘዘኝም የሚከፍለኝም ሰው አልነበረም። ደብተር ገዛሁ፣ እስክሪብቶ ገዛሁ፣ ከዚያም ደብረ ብርሃን ላሉት አክስቴ ደውዬ «ጾሙን እርስዎ ዘንድ ልሁን» አልኳቸው፤ እሳቸውም «ቤቱ ያንተ ነው፣ ጋቢህን ግን እንዳትረሳ» አሉኝ።

ከአዲስ አበባ፣ ከላምበረት መናኸሪያ በማለዳ ተነሣን። ለገጣፎን አለፍን፣ ሰንዳፋን አለፍን፣ ከዚያም ሜዳው ተከፈተና ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ እያፏጨ ይገባ ጀመር። ሸኖ ስንደርስ ረዳቱ «ለጋ ቅቤ የሚገዛ አለ?» ብሎ ቀለደ፤ ተሳፋሪው ሳቀ፣ ከጎኔ የተቀመጡት እናት ግን አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «አንተ ልጅ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን!» አሉት። ከዚያም ጫጫን አለፍን፣ ከዚያም 130 ኪሎ ሜትር ያህሉ መንገድ አለቀና ደብረ ብርሃን ገባን። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ፀሐይዋ ታበራለች እንጂ አታሞቅም። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ የቆረቆሯት ከተማ ናት፤ መጽሐፈ ብርሃን የተባለውም መጽሐፍ የሳቸው ድርሰት እንደሆነ ይነገራል። እኔም ለጽሕፈት የሚሆን ቦታ መረጥኩ ብዬ በልቤ ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት እንደ ቀልድ አለፈ። ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ መስኮቱ ሥር እቀመጥና ስለ ልጅነቴ፣ ስለ ሥራ ዘመኔ፣ ስለ ጾምና ስለ ትዕግሥት እጽፋለሁ። አክስቴ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ማንበብ ትተዋል፤ እናም ማታ ማታ፣ ሽሮው ከቀረበና እጃችንን ከታጠብን በኋላ፣ «እስቲ ቀኑን ሙሉ ስትጭረው የዋልከውን አሰማኝ» ይሉኛል። አነባለሁ፤ እሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ነቅነቅ ማለቱ ይቀርና ራሳቸው ወደ ደረታቸው ያዘነብላል፣ እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለራሴ አንብቤ እጨርሳለሁ።

ሁለተኛው ሳምንት፣ ቅድስት፣ ገባች፣ እኔም ደረቅሁ። ስለ ራሴ የማውቀው ሁሉ ለካ ከጥቂት ገጽ አያልፍም! አንድ ጠዋት እስክሪብቶዬን ይዤ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አክስቴ ከምድጃው ዳር «ምነው እጅህ ቆመ?» አሉኝ። የሚጻፍ ጠፋ አልኳቸው። «ታዲያ ከቤት ምን ታደርጋለህ? ገበያ ውጣና የገብስ ዋጋ ጠይቀህልኝ ና» አሉኝ። ወጣሁ። ጉሙ ገና አልገፈፈም ነበር፤ አህዮቹ ከነጭነታቸው ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፣ ባለቤቶቻቸውም በኋላቸው እጃቸውን በብብታቸው ይዘው ይከተላሉ። አንዲት ሴት ግማሽ ኩንታል የሚሆን ገብስ ፊቷ ዘርግታ፣ የሚመጣውን ገዢ ሁሉ ቀና ብላ ታያለች፣ ዋጋ ሲጠሩላት ግን ወደ ሰማዩ ታያለች። እሷን ጻፍኩ። ማታ ሳነብ አክስቴ አላንቀላፉም። ስጨርስ ዝም አሉ፣ ከዚያም «ታዲያ ሸጠችው ወይስ ይዛው ተመለሰች?» አሉኝ። አላየሁም አልኳቸው። «እንዴት ሳታይ ትመጣለህ?» አሉና ፊታቸውን ወደ እሳቱ አዞሩ።

ያን ሌሊት የበልጉ ዝናብ ጣለ፤ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አደረ። በሚቀጥለው ገበያ ቀን ጭቃውን እየረገጥኩ ሄድኩና ሴትየዋን ስፈልግ ቆይቼ አገኘኋት። እኩሌታውን ሸጣ እኩሌታውን መልሳ ወስዳው ኖሯል፤ ለካ ወደ ሰማይ ታይ የነበረው ዝናቡ ከመጣ ለዘር፣ ከቀረ ለገበያ ልታደርገው ነው። ይህንንም ጻፍኩ፣ ማታም አነበብኩ፣ አክስቴም «ጎሽ፣ አሁን ነገር ሆነ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት መምጣት ጀመረ። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ አዛውንት መጡ፣ ዳቤ ጋጋሪዋ መጣች፣ ልጆችም በር ላይ ይቆማሉ። የሚሰሙት የራሳቸውን ሰፈር ነውና ዝም ብለው አይሰሙም። አንድ ማታ ቀይ በሬ ብዬ ባነብ አዛውንቱ እጃቸውን አንሥተው «ቀይ አይደለም፣ ዳለቻ ነው፤ ባለቤቱን ጠይቅ» አሉኝ፤ ልጆቹም አንድ ላይ «ዳለቻ ነው!» ብለው መሰከሩላቸው። እዚያው ፊታቸው ሰርዤ ዳለቻ አልኩት። እንዲህ እየተባለ ምኩራብ አለፈ፣ መጻጉዕ አለፈ፣ ደብረ ዘይት ሲደርስ ጾሙ ተጋመሰ።

ታዲያ እኩለ ጾሙ ላይ አንድ ቀን ሲዘንብ ዋለና መውጣት አልቻልኩም። ማታም መብራት ጠፋ። ሰዎቹ ግን መጥተዋል፤ እርጥብ ጋቢያቸውን እሳቱ ዳር ዘርግተው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ ይጠብቁኛል። ባዶ ደብተር ይዤ ምን ልበል? ሻማ ተለኮሰና በነሱ ፊት ስለ ነቢይ መኮንን እየተረክሁ እየጻፍኩ ቆየሁ።

ነፍሱን ይማረውና፣ ነቢይ ገጣሚ ነበር፣ የአዲስ አድማስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅም ነበር። ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን በደርግ ዘመን ታስሮ ነበር። እዚያ እስር ቤት ውስጥ የማርጋሬት ሚቼል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለው ልብ ወለድ እጁ ገባ፤ በአሜሪካ በ1936 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ከሺህ ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ ነው። ወረቀት የለም። ነቢይም የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ስስ ወረቀት እያቃና፣ በላዩ እያደቀቀ ይጽፍ ጀመር፤ ዛሬ ጥቂት፣ ነገም ጥቂት፣ ከዚያም ሌላ ፓኮ፣ ከዚያም ሌላ፣ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ 3,000 ያህል ቁራጭ ወረቀት ላይ ትርጉሙን ጨረሰ። ታስረው የሚፈቱ ጓደኞቹ በሲጋራ ፓኮ እየደበቁ ወደ ውጭ አወጡለት፣ በኋላም ተሰብስቦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ።

ስጨርስ ዝናቡ ብቻ ይሰማል። አክስቴ «ሊፈታ በሩ ላይ የደረሰ ሰው» አሉ፣ «የሌላውን ጽሑፍ በኪሱ ይዞ ይወጣል? ቢያዝ እኮ ይመለሳል!» አሉና አማተቡ። እኔ ታሪኩን ብዙ ጊዜ ስናገር የማደንቀው ጸሐፊውን ብቻ ነበር፤ እሳቸው ግን ተሸካሚዎቹን አዩ። ያን ማታ ነው ስለ ዕለት ድርሻ ደኅና አድርጌ ያሰብኩት። ስንክሳርንም አስቡት፤ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ፣ የአገራችን ቅዱሳን ታሪክ በየዘመኑ እየተጨመረበት፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቀን የቀኑን ንባብ ይዟል። ያን ያህል ዘመን የቆየው ጸሐፊ ስለ ነበረው ብቻ ነው? በየማለዳው ቆሞ የሚያነበው፣ በየማለዳውም ቆሞ የሚሰማው ስላለ ነው እንጂ።

በገብር ኄር እሑድ ካህኑ መክሊቱን መሬት ቆፍሮ ስለ ቀበረው አገልጋይ ሲሰብኩ አክስቴ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፤ እኔም ጎሸም የተደረግሁበትን ምክንያት ዐውቄ ፈገግ አልኩ። ኒቆዲሞስ አለፈ፣ ሆሳዕናም መጣና ልጆቹ የዘንባባ ቀለበት ሠርተው በጣቴ አጠለቁልኝ፤ ከዚያም ሕማማት ገባ። ስቅለት ዕለት ስንሰግድ ውለን ስንመለስ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ፣ እጄም እስክሪብቶ አልይዝ ብሎ፣ ጥቂት መስመር ብቻ ጻፍኩ። ሳነብላቸው አክስቴ «ለዛሬ ይበቃል፣ ቀኑ ራሱ ይናገራል» አሉ። በማግሥቱም ቄጠማው ሲታደል የመጨረሻውን ገጽ ጻፍኩና ደብተሩን ዘጋሁት፤ ዶሮው ይወጠወጣል፣ ቤቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፣ ስለ ደብተሬ መጨረስ ግድ ያለው ሰው አልነበረም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቼ አነበብኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አብዛኛው ለኅትመት የሚበቃ አይደለም። ከገብሷ ሴት በፊት ያለው ሁሉ ስለ እኔ ነው፣ እኔንም ጭምር አሰለቸኝ። ከሷ ወዲህ ያለው ግን ሰው አለበት፣ ዝናብ አለበት፣ ዋጋ አለበት፣ የበሬው መልክ እንኳ ትክክል ነው። በጽሕፈቱ ልቀጥል ብዬ በቤቴ ብሞክር ሳምንት ሳይሞላ ተቋረጠ፤ ጊዜ አጥቼ እንዳልል ጡረተኛ ነኝ። ስለዚህ ስልኬን አነሣሁና አክስቴ ዘንድ ደወልኩ፣ ከዚያ ወዲህም ማታ ማታ በስልክ አነባለሁ፣ እሳቸውም በስልክ ይቆጡኛል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በየቀኑ ልጻፍ ብላችሁ የምትነሡ ካላችሁ፣ ደብተሩን ከመግዛታችሁ በፊት የሚጠብቃችሁን ሰው ፈልጉ። «ግሩም ነው» ብሎ የሚያሞግሳችሁን አይደለም፤ እሱ ለሁለት ቀን ያስደስታችኋል፣ በሦስተኛው ቀን ይረሳችኋል። «ሸጠችው ወይስ ይዛው ተመለሰች?» ብሎ የሚጠይቃችሁን ፈልጉ። እሱን ካገኛችሁ በማግሥቱ ጭቃውን ረግጣችሁ ገበያ ትወጣላችሁ፣ ገጹም ይሞላል።