የመንፈስ ሰይፍ በወለጋ ምድር

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በላከው መልእክት በ6ኛው ምዕራፍ የክርስቲያንን የጦር ዕቃ በየስሙ ይቈጥራል፤ ከእነዚህም እምነትን ጋሻ፥ የእግዚአብሔርን ቃል ሰይፍ ይለዋል፤ ሁሉንም የሚያጸናው ጸሎት ነው። አስቀድሞ ግን የክርስቲያን ጠላት ሥጋ ለባሽ ሰው እንዳይደለ ያስታውቃል፤ ጠላቱን ለይቶ ያላወቀ ወታደር ወንድሙን ይወጋልና።

ይህ ትምህርት በሥራ የተገለጠበት የመምህር ኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክ ነው። የእርሳቸው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፏል። በኢሉባቦር አገር ተወልደው ገና ሕፃን ሳሉ ባርያ ፈንጋዮች ሰርቀው ወሰዷቸው፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡም ምጽዋ ደረሱ። በዚያ በ1870 ነጻ ወጡ፤ በእምኩሉ በነበረው በስዊድን ሚስዮን ተምረው በ1872 በትንሣኤ በዓል ተጠመቁ። ስማቸውም ጳውሎስ ስለ እርሱ ለፊልሞና የጻፈለት የዚያ ባርያ ስም ሆነ።

ለመበቀል ምክንያት ነበራቸው፤ ዳሩ ግን ወደ ተሰረቁበት አገር መጽሐፍ ይዘው ለመመለስ ቈረጡ። በሱዳን በኩል ሊገቡ ሞክረው መንገዱ ቢዘጋባቸው ወደ ትርጕም ሥራ ተመለሱ። እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ ቃላትን በመሰብሰብ ረዳቻቸው። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ቋንቋ፥ በግዕዝ ፊደል፥ በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ።

በ1904 ወለጋ ገቡ፤ በነቀምትም ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው። ነገር ግን ክስ ተነሣባቸው፤ በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው እንዲሰደዱ ተፈረደባቸው። ዳግማዊ ምኒልክም ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ፥ ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ። ልጅ ኢያሱ በ1916 እስኪፈቅዱ ድረስ ታግሠው ኖሩ፤ በ1931 በነቀምት ዐረፉ። ስለዚህ ሐዋርያው መቆምን ማዘዙ፥ አንድም ከጦር ሜዳ አለመሸሽ ነው፤ አንድም አፍ በተዘጋ ጊዜ በጸሎት መጽናት ነው።

ሰውን ጠላት አድርጎ መቍጠር የሚያመጣው ጥፋትም በዚያው በምሥራቅ ወለጋ ታየ። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በጊዳ ኪራሙ ወረዳ የታጠቁ ሰዎች ሕዝብ ገደሉ፤ ከዚያም ለበቀል የተነሡ ሌሎች ደግሞ ገደሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሟቾቹ ከ210 በላይ እንደሆኑ አስታወቀ። ሁለቱም ወገን ሙቱን ቀበረ፤ አንድ ስንኳ ያልጐደለበት ዲያብሎስ ብቻ ነው።

እንግዲህ ካህን ለገዳይና ለሟች ወገን እኩል ካልጸለየ ጋሻውን ጥሎአል፤ ሹምም በዘር አይቶ ከፈረደ መታጠቂያውን ፈትቶአል። ተሰርቆ የተሸጠው ሕፃን የሰው ደም ሳያፈስ ከድል ደርሶአልና፥ በኪራሙ የሚያለቅሱትም ከዚህ የጦር ዕቃ የሚበልጥ የላቸውም። የሰላም አለቃ እግዚአብሔር ለሁላችን ያስታጥቀን፤ አሜን።