የቤንሻንጉል ጉሙዝ የሽመል ደን

ሽመል ወይም የቆላ ቀርከሃ (ሳይንሳዊ ስሙ ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ) ከሣር ወገን የሆነ ተክል ነው። ከኢትዮጵያ ሁለት ሀገር በቀል የቀርከሃ ዝርያዎች አንዱ ሲሆን ሌላው የደጋ ቀርከሃ ነው። በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል በአሶሳ፣ በመተከልና በካማሺ ዞኖች በስፋት ይገኛል።

አስተዳደግ

የሽመል ግንድ እንደ ደጋው ቀርከሃ ባዶ ሳይሆን ውስጡ ድፍን ወይም ጠባብ ክፍተት ያለው ነው። ከአንድ ሥር ብዙ ግንዶች ተጠጋግተው ይበቅላሉ። ቡቃያው በክረምት ከምድር ወጥቶ በጥቂት ወራት ሙሉ ቁመቱን ይይዛል፤ ለግንባታ የሚጠነክረው ግን 3 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው።

ለነዋሪው ያለው ጥቅም

በርታ፣ ጉሙዝና ሌሎች የአካባቢው ሕዝቦች ቤት፣ አጥር፣ ጎተራና የቤት ዕቃ ይሠሩበታል፤ ለማገዶም ይጠቀሙበታል። ቡቃያው ተቀቅሎ ይበላል፤ ለገበያም ይቀርባል።

በደኑ ላይ ያለው ጫና

ዛሬ ለምግብ የሚቆረጠው ቡቃያ ከ3 ዓመት በኋላ ለቤት ሥራ የሚደርስ ግንድ ነበር። ስለዚህ ቡቃያው ሁሉ ከተለቀመ ደኑን የሚተካ ግንድ አይኖርም። በበጋ የሚነሳ የሰደድ እሳትና የእርሻ መስፋፋትም ደኑን ይጎዳሉ። በ1977 እና 1978 ዓ.ም. ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ብዙ ሰዎች በአሶሳ ዙሪያ መስፈራቸው የእርሻ መሬትና የግንባታ እንጨት ፍላጎትን ጨምሯል።

ሌላው አደጋ ተፈጥሯዊ ነው። ሽመል በብዙ ዓመታት አንድ ጊዜ በጅምላ አብቦ ዘር ከሰጠ በኋላ ይሞታል። መሬቱ ከእሳት፣ ከከብትና ከእርሻ ከተጠበቀ ከወደቀው ዘር አዲስ ደን ይበቅላል፤ ካልተጠበቀ ግን ባዶውን ሊቀር ይችላል።

አጠባበቅና አጠቃቀም

ሽመልን መጠበቅ ጨርሶ አለመቁረጥ ማለት አይደለም። ያረጁ ግንዶች ካልተነሱ ሥሩ ይጨናነቃል፤ ስለሆነም 3 ዓመት የሞላቸውን እየመረጡ መቁረጥ፣ ከቡቃያውም ከፊሉን ለተተኪነት መተው ይመከራል። ይህን ለመቆጣጠር የሚያመቸው ከደኑ አጠገብ ለሚኖረው ሕዝብ ነው። በአሳታፊ የደን አስተዳደር ነዋሪዎች ደኑን ይጠብቃሉ፤ በምላሹም በስምምነት የመጠቀም መብት ያገኛሉ።

የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥት፣ ከግልና ከማኅበራት ደን ጎን የማኅበረሰብ ደንን አንድ የይዞታ ዓይነት አድርጎ አውቋል።