ከዳንሰኛነት ወደ ዲሬክተርነት፤ ቦብ ፎሲና የሙዚቃ ፊልም

የሙዚቃ ፊልም ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን አንድ ዓይነት ነገር ነው። ሰውየው መንገድ ላይ ሲሄድ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ኦርኬስትራ ይጀምራል፤ እሱም ይዘፍናል፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ዳንሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። ዘፈኑ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ጉዳዩ ይመለሳል። ደስ ይላል፤ ግን እውነት ነው ብሎ የሚከራከር የለም። ታዲያ እንዲህ ያለው ፊልም ስለ እውነተኛ ታሪክ፣ ያውም ስለ ናዚዎች አነሣሥ፣ ሊናገር ይችላል ወይ? ይችላል ብሎ በሥራ ያሳየው አሜሪካዊው ቦብ ፎሲ ነው። ይህንንም ለማሳየት የበቃው ዳንሰኝነቱን ትቶ ዲሬክተር ስለሆነ ሳይሆን፣ ዲሬክተር ሆኖም ዳንሰኛ ሆኖ ስለ ቀረ ነው የሚል አሳብ አለኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፎሲ በ1927 ቺካጎ ከተማ ተወለደ። ገና ተማሪ ሳለ ማታ ማታ በምሽት ክበቦች ይደንስ ነበር፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ ሴቶች ልብሳቸውን እያወለቁ የሚጨፍሩባቸው ነበሩ። ለልጅ የሚሆን ቦታ አይደለም። ሆኖም መድረክ ከፊት ሲታይ ምን እንደሚመስል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ምን እንደሆነ ገና በልጅነቱ አየ። ይህን ያየ ሰው በኋላ ስለ መድረክ ተረት ማውራት ይከብደዋል።

ምኞቱ እንደ ፍሬድ አስቴር የፊልም ኮከብ መሆን ነበር። በሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ስቱዲዮ ተቀጥሮ በጥቂት ፊልሞች ታየ፤ ነገር ግን የሙዚቃ ፊልም ወርቃማ ዘመን እያለቀ ነበርና ኮከብነቱ አልመጣም። የመጣለት ሌላ ነገር ነው። በ1953 በወጣው «ኪስ ሚ ኬት» ውስጥ እሱና ካሮል ሄኒ የሚደንሱባትን፣ አንድ ደቂቃ እንኳ የማትሞላ ቁራጭ ራሱ እንዲያቀናብር ተፈቀደለት። ፊልሙ እስከዚያ ድረስ ያማረ ነው፤ እነሱ ሲገቡ ግን ሌላ ዘመን የገባ ይመስላል። ሰውነት ይሰበራል፣ ይጎብጣል፣ ድንገት ቀጥ ይላል።

ይህ ስልት ከየት መጣ? ነገሩ እንዲህ ነው። ፎሲ ትከሻው የጎበጠ፣ እግሩ ወደ ውስጥ የሚዞር፣ ፀጉሩም በወጣትነቱ የሳሳ ሰው ነበር። ሌላው ቢሆን ይደብቀዋል። እሱ ግን ጉብጠቱንም የእግሩንም አዟዟር የዳንሱ ሕግ አደረጋቸው፤ በራሱም ላይ ባርኔጣ ደፋ። ትከሻ ብቻውን፣ ጣት ብቻዋን ሊናገሩ እንደሚችሉ አወቀ። እስክስታ ለሚያውቅ አንባቢ ይሄ እንግዳ አይደለም፤ ለሆሊውድ ግን እንግዳ ነበር።

በ1954 ብሮድዌይ ላይ የ«ዘ ፓጃማ ጌም»ን ዳንስ አቀናበረ፤ በ1959 ደግሞ ዲሬክተር ሆነ። በዚህ ዘመን ግዌን ቨርደንን አለማንሣት በደል ነው። በ1960 ያገባት ይህች ታላቅ ዳንሰኛ የእሱን አሳብ በራሷ አካል ሕይወት የሰጠች ናት።

የመጀመሪያ ፊልሙ «ስዊት ቻሪቲ» በ1969 ወጣ። ብዙ ገንዘብ ፈሰሰበት፤ ገበያው ግን ከዳው። ካሜራው ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይጠጋል፤ ነገር ግን ከተማው አሁንም የዘፈን ከተማ ነው። ሰዎቹ መንገድ ላይ ይዘፍናሉ።

«ካባሬ» የመጣው ከዚህ ውድቀት በኋላ ነው። በ1971 ሙኒክ ውስጥ ተቀርጾ በ1972 ወጣ፤ ታሪኩም በ1931 በርሊን ላይ ነው። ሥራው በ1966 በመድረክ ሲቀርብ ሰዎቹ በየቤታቸው ሳይቀር ይዘፍኑ ነበር። ፎሲ ያንን ቆርጦ ጣለው። ዘፈን ካለ በምሽት ክበቡ መድረክ ላይ ብቻ ይሁን አለ። ሲጨፈር ስለሚጨፈር ነው፤ ተረት የለም። ከዚያም ጭፈራውንና መንገዱን አንድ ላይ ሰፋቸው። መድረኩ ላይ በቀልድ በጥፊ ይጫወታሉ፤ ውጭ ደግሞ ናዚዎች የክበቡን ኃላፊ ይደበድቡታል። ሥዕሉ ከዚህ ወደዚያ ሲዘል ምቱ አይሳሳትም። ይህ የዳንሰኛ ቅንብር ነው፤ እግር ባልደረሰበት ቦታ መቀሱ ይደንሳል።

ከክበቡ ውጭ የተዘፈነው ዘፈን አንድ ብቻ ነው። ሕዝቡ በአትክልት ስፍራ ቢራ እየጠጣ ሳለ አንድ መልከ መልካም ወጣት መዝፈን ይጀምራል። መጀመሪያ የምናየው ፊቱን ብቻ ነው። ካሜራው ቀስ ብሎ ሲወርድ ክንዱ ላይ የናዚ ምልክት አለ። ሰዎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ አብረው ይዘፍናሉ፤ የማይነሣ አንድ ሽማግሌ አለ። እዚህ ላይ ፎሲ የሚነግረን ብዙ የታሪክ መጽሐፍ የማይነግረንን ነው። ምት ሰውነትን ከአእምሮ ቀድሞ ያስነሣል። ይህን ከዳንሰኛ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?

«ካባሬ» ስምንት ኦስካር ሲወስድ ፎሲ «ዘ ጎድፋዘር»ን የሠራውን ኮፖላን በልጦ የዲሬክተርነቱን ሽልማት አገኘ። በዚያው በ1973 ለመድረክ ሥራው ቶኒ፣ ለቴሌቪዥን ሥራው ኤሚ ተሸለመ። ዳሩ ግን ዝናው አላሳረፈውም። በ1974 «ሌኒ» የተባለውን ፊልም እየቆረጠና እየቀጠለ፣ በጎን ደግሞ «ቺካጎ»ን ለመድረክ እያዘጋጀ ሳለ ልቡ ታመመ። ይህንኑ በ1979 «ኦል ዛት ጃዝ» አድርጎ ሠራው። ጀግናው ዲሬክተር ሲጋራና ኪኒን ይበላዋል፤ እሱም በተራው የቀድሞ ሚስቱን፣ ወዳጆቹንና ዳንሰኞቹን ይበላል። ፊልሙ በ1980 በካን ከኩሮሳዋ «ካጌሙሻ» ጋር ታላቁን ሽልማት ተካፈለ። አንዳንዱ ራስን ማምለክ ነው ይለዋል፤ እውነትም አለበት። ሆኖም የመክፈቻው ትዕይንት ይበቃኛል፤ መድረክ ሙሉ ዳንሰኞች ለጥቂት ቦታ ሲፈተኑና ሲባረሩ እናያለን። የኪነ ጥበብ ላብ እንዲህ በግልጽ የታየበት ፊልም ብዙ የለም።

ፎሲ በመስከረም 1987 በ60 ዓመቱ ዋሽንግተን ውስጥ ሞተ፤ በዚያው ምሽት «ስዊት ቻሪቲ» እዚያው ከተማ እንደገና መድረክ ላይ ይከፈት ነበር። «ካባሬ»ን የማየት ዕድል ያገኘ ጓደኛ እዚያ አትክልት ስፍራ ሲደርስ ዜማውን ብቻ አይስማ፤ እግሩንም ይይ። ምቱን ይመታ እንደሆነ ፎሲ የፈለገው ሰው ተገኝቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለማን እንደሚመታ መጠየቅ የተመልካቹ ፈንታ ነው።